ቤቱ ይቅደም

በእኛ ሰፈር ዶሮ ማርባት የሚጀመረው ከዶሮዋ ነው። ሰው ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፣ ያማረችውን ቄብ ይመርጣል፣ እግሯን አስሮ አንጠልጥሏት ይመጣል። የት ታድራለች የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ሲመሽ ነው። ያን ጊዜ ማድ ቤት ጥግ ላይ ካርቶን ይዘረጋላታል፤ ወይም አሮጌ ቅርጫት ይደፋባታል። ከሰነበተች ሸለምጥማጥ ይወስዳታል፤ ካልሆነም ፈንግል ይገባና የግቢውን ዶሮ ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። ከዚያ «ዶሮ ለእኛ ቤት አይሆንም» ተብሎ ወሬው ይዘጋል።

እኛ ቤት የተጀመረው ከሌላው ጫፍ ነው። ዶሮዎቹ ሳይመጡ ቤታቸው ተሠርቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶውን ቆሟል። አላፊ አግዳሚው «ለማን ነው?» ይል ነበር። «ለዶሮ» ስንል ይስቃል። «ዶሮዋስ?» ሲል «ትመጣለች» እንላለን። ይህን ያህል የተጠነቀቅነው ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ስለነበረ ነው።

የምንኖረው ሆሳዕና ነው። እናታችን የእቁብ ዕጣ የደረሳት በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ነበር። በዚያ ዙር በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችሁ ነገሩን ያያችሁት በዜና ሳይሆን በገዛ ቤታችሁ ነው። ወንድሜም ከብዙዎቹ ጋር ነበር። ቁጥር የሚወድ ልጅ ነው፤ ከትንሽነቱ ጀምሮ የሱቅ ሒሳባችንን የሚሠራልን እሱ ነበር። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። የወጣቶች ኅብረት መሄዱንም ተወ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰላምታው ሁሉ ‹ስንት አመጣህ?› ሆኗል» አለኝ።

አንድ ምሽት እማዬ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠራችው። «12 ዶሮ እገዛለሁ» አለችው። «ይህ ብር ዳግመኛ ቶሎ አይደርሰኝም። ሸለምጥማጥ እንዲበላው አልፈልግም። ቤቱን አንተ ሥራው።»

«እኔ አናጺ አይደለሁም» አላት።

«መለካት ታውቃለህ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

በማግስቱ ወንድሜ ከአልጋው ተነሣ ብዬ ታሪኩን ባሳምረው ደስ ይለኝ ነበር። የተነሣው በአራተኛው ቀን ነው። የጎረቤታችንን የአናጺውን ሜትር ተውሶ ጓሮ ወጣ።

መጀመሪያ የፈተሸው ቦታውን ነው። በጓሯችን ሦስት አማራጭ ነበረን፦ ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ከላይ በኩል ካለው አጥር ዳር። በባልዲ ውኃ እያፈሰሰ የት እንደሚቆምና ወዴት እንደሚወርድ አየ። እንሰቱ ሥር ጥላው መልካም ቢሆንም መሬቱ ከእርጥበት አይላቀቅም፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነም ለሸለምጥማጥ መደበቂያ ይሆናል። ዶሮን ደግሞ እንደ እርጥበት የሚጎዳት ነገር ጥቂት ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ ይራባል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አምጥቶ በተለይ ያልጠነከሩትን ይፈጃል። ስለዚህ ውኃው ፈጥኖ የወረደበት፣ ከፍ ያለው የአጥር ዳር ተመረጠ። ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ይታያል፣ ሌሊት የሚሰማ ድምፅም ይደርሰናል።

ቀጥሎ ነፋሱን አጠና። አንድ እንጨት ተክሎ አናቱ ላይ የጨርቅ ቁራጭ አሰረና ሳምንት ሙሉ ማታና ጠዋት እየወጣ ያየው ነበር። ሆሳዕና ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሌሊቱ ብርድ ቀላል አይደለም። ነፋሱ በሚበዛበት በኩል ግድግዳው ድፍን እንዲሆን፣ መዋያው በሌላው በኩል እንዲወጣ ወሰነ። የቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አደረገው፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፈው ጠባቡ ግድግዳ ላይ ብቻ እንዲሆን ነው።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። የዶሮ ቤት ሁለት ክፍል አለው፦ ማደሪያና መዋያ። ማደሪያው 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ሆነ፤ 3 ካሬ ሜትር ለ12 ዶሮ ማለት በካሬ ሜትር 4 ዶሮ ነው። መዋያው 3 ሜትር በ4 ሜትር፤ ለእያንዳንዷ 1 ካሬ ሜትር። ዶሮ ስትጨናነቅ መናከስ ትጀምራለች። ላባ ትነቅላለች፣ ደም ስታይ ደግሞ ሌሎቹም ይከተላሉ። ብዙ ሰው ይህን የዶሮ ክፋት አድርጎ ያየዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የቦታ ጥበት ነው።

ለእንቁላል መጣያ 3 ሳጥን ሠራ፤ እያንዳንዱ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሳጥን ይበቃል፤ ተራ ይጠባበቃሉ። ጨለም ያለ ጥግ ላይ፣ ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ቆጡ ደግሞ ከሳጥኖቹ በላይ መሆን አለበት። ዶሮ ለማደር ከፍ ያለውን ቦታ ነው የምትሻው፤ ሳጥኑ ከቆጡ ከፍ ካለ እዚያ ታድርና እንቁላሉ ሁሉ በኩስ ይበላሻል።

በቆጡ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ለአንድ ዶሮ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሰጥ ለ12 ዶሮ 3 ሜትር ይሆናል። ወንድሜ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ተኩል የሆኑ ሁለት ቆጦች፣ በእኩል ከፍታ፣ በመካከላቸው ክፍተት ትቶ አሰበ። አንዱ ቆጥ ከሌላው ከፍ ካለ ሁሉም ለላይኛው ይጣላሉና። አባዬ ጣውላና ቆርቆሮው ስለተወደደ ስፋቱ ቢቀነስ መረጠ። «ዶሮ ተጠጋግታ ነው የምትተኛው» አለ። «አንዱ ቆጥ ይበቃል። እኛ ስናድግ ዶሮ በአንድ አጣና ላይ ነበር የሚያድረው።»

ወንድሜ ከፈተናው ወዲህ ረዘም አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ እሱ እውነት ነው» አለ። «ቦታ ካነሰ ግን የምትወርደው ሁልጊዜ ያችው ደካማዋ ናት። መሬት ታድራለች፣ ኩስ ይወርድባታል፣ ትታመማለች። ከዚያ ‹ይህቺስ ድሮም አልረባችም› እንላለን። ቦታ እንዳልነበራት ማንም አያነሳም።»

አባዬ ሌላ ቃል ሳይጨምር የሜትሩን ጫፍ ያዘለት።

ጎረቤታችን አናጺው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ ይረዳን ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። የአጣናውን ቋሚዎች ታችኛውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ማድረቅን ያሳየን እሱ ነው፤ ምስጥ እንዳይበላው ነው። ማደሪያውን ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ሠሩት። አይጥ እንዳይወጣ በየቋሚው ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቀለሉበት። ጣራው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ከመዋያው ውጭ ውኃ እንዲጥል ሆነ። እነዚያን ቅዳሜዎች ሁሉ ሳስባቸው አንድ ነገር ይገርመኛል። ጋሼ ወንድሜን ስለ ውጤቱ አንድ ቀን አልጠየቀውም። «ስንት?» ይለዋል፤ ወንድሜ «68» ይላል፤ ጋሼ ይቆርጣል።

ከሁሉ ይበልጥ ያነጋገረው አየሩ ነው። ወንድሜ በሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች ላይ፣ ከጣራው ሥር 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ትቶ በሽቦ መረብ ሸፈነው። ያየ ሁሉ «ይበርዳቸዋል፣ ድፈነው» አለ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ መጥታ ስታየው ግን እንዳይነካ ብላ አስጠነቀቀችን። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ላባዋን ነፍታ ስትቀመጥ ደረቅ ብርድን ትችላለች። የማትችለው የታፈነ አየርን ነው። ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ዓይኗንና ሳንባዋን ያቃጥላል፤ ትንፋሿ እንፋሎት ሆኖ ጣራው ላይ ይቋጥርና መልሶ ይንጠባጠብባታል። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦ ቆጡ ባለበት ከፍታ ነፋስ አይምታት፤ ከራሷ በላይ ግን አየር ይመላለስ። ባለሙያዋ ቀላል መፈተሻም ነገረችን። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ሽታው አፍንጫችሁን ከኮረኮረ፣ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰቃዩበት አድረዋል ማለት ነው።

ሽቦው ብዙ ገንዘብ በላ። ገበያ ላይ «የዶሮ ሽቦ» ተብሎ የሚሸጠው ቀዳዳው ሰፊ የሆነው ቀጭን መረብ ዶሮን ከመውጣት ያግዳል፤ የሚመጣባትን ግን አያግድም። ሸለምጥማጥ እጁን አስገብቶ ይስባታል፤ ውሻም በጥርሱ ይቀደዋል። ስለዚህ ለታችኛው ክፍልና ለአየር ማስገቢያው ቀዳዳው ጠበብ ያለውንና ጠንካራውን ገዛን፤ ርካሹን ለመዋያው ጣራ አደረግነው፤ ከላይ የሚመጣው ጭልፊት ነውና ለእሱ ይበቃል። የመዋያው መረብ መሬት ሲደርስ አልተቆረጠም። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ታጥፎ መሬት ላይ ተነጠፈና ድንጋይ ተጫነበት። የሚቆፍር አውሬ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ እዚያ ሽቦ ሲያገኝ ወደ ኋላ ሸሽቶ መቆፈርን አያስብም። ለበሩም መቀርቀሪያ ብቻ አልበቃንም፤ በላዩ ላይ የሚጠመዘዝ ሽቦ ጨመርንበት።

ቤቱ ሲያልቅ ከእቁቡ ብር ከሲሶው በላይ ሄዶ ነበር፤ አንዲት ዶሮ እንኳ የለንም። ሰፈሩ «ለዶሮ ቪላ» እያለ ቀለደብን። ቄቦቹን የሚሸጥልን ሰው «20 ውሰዱ፣ ዋጋውን እቀንስላችኋለሁ» ሲል እማዬ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብላ 12 ብቻ ቆጥራ ተቀበለች። የ3 ወር ቄቦች ነበሩ፣ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት የእንቁላል ዘር። አውራ ዶሮ አልገዛንም። እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬም ይህን ሲሰሙ እፎይ አሉ፤ «ጴጥሮስን ያስለቀሰው ይበቃኛል» ብለው አሳቁን።

የፈንግል ክትባታቸውን ባለሙያዋ በዓይናቸው ጠብታ አድርጋ ሰጠቻቸው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ ብርቅ አይደለም፤ የሚቸግረው በበረዶ ይዞ ማምጣትና ቀኑን ሳይረሱ መድገም ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከማደሪያው አልወጡም። ዶሮ የት እንደምታድር የምትማረው እንዲህ ነው። በስምንተኛው ቀን ሲከፈትላቸው ቀኑን መዋያው ውስጥ ሲጭሩ ውለው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ማንም ሳይነዳቸው አንድ በአንድ ወደ ቤት ገቡ። ወንድሜ በመስኮቱ ቆጠረ። 12ቱም ቆጥ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የየዕለት ሥራ ነው። ለአንዷ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ያስፈልጋታል፤ ለሁሉም አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ። ውኃ 3 ሊትር አካባቢ ይጠጣሉ፤ ሞቃት ቀን ይጨምራል። መጠጫው በጀርባቸው ከፍታ ላይ ሲሆን ኩስና ጉዝጓዝ አይገባበትም። የእንቁላሉን ቅርፊት አድርቀን ፈጭተን እንመልስላቸዋለን፤ ካልሲየም ካጡ ቅርፊቱ ይሳሳል። በመዋያው ጥግ አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ አላቸው፤ እየተንከባለሉበት ቅማላቸውን ያራግፋሉ። ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ነው፤ የረጠበውን ወዲያው እያነሣን ደረቅ እንጨምራለን። የወጣው ኩስ ትኩሱን ለጎመን አይሰጥም፣ ሥሩን ያቃጥላል፤ ከገለባ ጋር ተከምሮ ለወራት ሲበሰብስ ግን ጓሮውን ያለመልመዋል።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው እንቁላል ተገኘ። ትንሽ ነበር፤ የመጀመሪያው ሁሌም ትንሽ ነው። እያደር በጥሩ ቀን 9፣ አንዳንዴም 10 ይገኝ ጀመር። የሀገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል እንደምትጥል ለምታውቅ ለእማዬ ይህ ተአምር ነበር።

ፈተናው የመጣው ክረምት ላይ ነው። ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ሰማን። ባትሪ ይዘን ስንወጣ ምንም አላየንም። ጠዋት ስናይ ከመዋያው ሥር ድንጋዮቹ ተገፍተው፣ ጭቃው ተቧጥጦ፣ የተነጠፈው ሽቦ ተገልጦ አገኘነው። አውሬው ሦስት ቦታ ሞክሮ ነበር። አንዲትም አልተወሰደችም። በዚያው ሳምንት በሰፈራችን ሁለት ቤት ዶሮ ተበላ፤ «ቪላ» ያሉን ሰዎች መጥተው የሽቦውን አነጣጠፍ ጠየቁ። ወንድሜ ተንበርክኮ በእጁ እያሳየ አስረዳቸው።

ቤቱ ሁሉን ያድናል እንዳትሉ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ነሐሴ ላይ አንዷ ዶሮ ቆማ ማንቀላፋት ጀመረች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ባለሙያዋ የሚተላለፍ በሽታ ምልክት አላገኘችባትም። ወንድሜ ቀበራትና በዚያው ቀን ማደሪያውን ጠርጎ በኖራ ነጨው። ማታ እንደ ልማዱ ቆጠረ፤ 11። በቆጡ ላይ ለአንድ የሚበቃ ቦታ ተርፏል። አባዬ ሌላ እንግዛ ሲል ወንድሜ «እንግዛ፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ» አለ። አዲስ ዶሮ ጤነኛ መስላ በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለችና።

ወንድሜ ዘንድሮ በግል ሊፈተን ተመዝግቧል። ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ጠዋት መኖ ይሰጣል፣ እንቁላል ይሰበስባል፣ ከዚያ ሒሳብ ያጠናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ለሰው የዶሮ ቤት ይሠራል። እስካሁን ሦስት ሠርተዋል። ሊያሠራው የመጣውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዶሮ ያድርበታል?» ብሎ ነው። መልስ የሌለውን ሰው «አስበህበት ተመለስ» ብሎ ይሸኘዋል።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀጥተኛ ነው። ከመካከላችሁ በግላችሁም ሆነ በኅብረት ዶሮ ለመጀመር ያሰባችሁ ብዙ ናችሁ፤ እባካችሁ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ገንዘቡ ለ12 ዶሮና ለቤታቸው ካልበቃ ለ6 ዶሮና ለቤታቸው ይበቃል። ለ20 ዶሮ ያለ ቤት ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል። ጌታችን ሕዝቡን ሊሰበስብ መውደዱን ሲናገር የመረጠው ምሳሌ ዶሮ ናት፤ ጫጩቶቿን ከክንፏ ሥር የምትሰበስብ እናት ዶሮ። ከክንፏ ሥር ጫጩት በውጤት አይገባም። በየኅብረታችን ግን ከፈተና በኋላ ድምፃቸው የጠፋ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ቀዝቅዘው ነው የቀሩት እንላለን፤ ጸልዩላቸው እንላለን፤ ደግ ነው። ግን ደግሞ ሄደን እንይ። ምናልባት ስንቀመጥ እየተገፉ የወረዱ ይኖራሉ። ስትሄዱም «ስንት አመጣህ?» አትበሉ። ሥራ ካላችሁ ሥራ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝላችሁ ሰው እንደምትፈልጉ ንገሩት።